ቧንቧው ተጠገነ፤ ኮርኒሱ ለምን አልደረቀም?

ቧንቧ ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ጠብታው ቆሟል፤ ከሥሩ ተደቅኖ የነበረው ባልዲም ተነሥቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ልጆቹ ከሚተኙበት አልጋ በላይ ያለው ቡናማ ክብ አሁንም እዚያው ነው። እንዲያውም ጠርዙ የሰፋ ይመስላል፤ ክፍሉም እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ይሸታል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ሁለት ወገን ይሆናል። አንዱ «ሰውዬው አልሠራውም፤ ተመልሶ ይምጣ» ይላል። ሌላው «በዓል ደርሷል፤ ቀለም ቀብተን እንገላገል» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ቸኩለዋል።

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ ፎቅ ቤትና ኮንዶሚኒየም እየበዛ ሲሄድ ይህ ጉዳይ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ድሮ ቧንቧ የሚገኘው በግቢ ውስጥ ነበር፤ ቢያፈስም መሬቱ ይጠጣዋል። አሁን መታጠቢያ ቤቱ ከሰው መኝታ በላይ ነው፤ ሮቶውም ከጣሪያው ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ቧንቧ ማስጠገን የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ሌላው ግማሽ ማድረቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ጊዜና ክትትል ይፈልጋል።

ውሃው የት ተደበቀ?

ቧንቧው ሲጠገን የሚቆመው አዲሱ ውሃ ነው። ቀድሞ የፈሰሰው አሁንም ከእርስዎ ጋር ነው። በፎቅ ቤት ከሴራሚኩ ሥር አሸዋና ሲሚንቶ አለ፤ ከዚያ ሶሌታው፣ ከሶሌታው በታች ልስኑ፣ በመጨረሻ ቀለሙ ይመጣል። ቧንቧው ሳምንታት ወይም ወራት ሲያፈስ ከቆየ እነዚህ ሁሉ ጠጥተዋል። ከላይ ሴራሚኩ ስለከደነው ውሃው ወደዚያ ሊተን አይችልም፤ መውጫው በታች በኩል፣ በእርስዎ ኮርኒስ ነው። ኮርኒሱ በዘይት ቀለም ከተቀባ ደግሞ ያም በር ተዘግቷል ማለት ነው።

የምንጠቀምበት የግንባታ ዕቃም የራሱ ድርሻ አለው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ብሎኬት የሚሠራው በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ከተገኘ ቀላል ድንጋይ ነው፤ ፑሚስ ይሉታል። ቀላል የሆነው ቀዳዳ ስለበዛበት ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ ውሃ ይይዛል። ብዙ ኮንዶሚኒየሞች የተሠሩት ሶሌታው ውስጥ ባዶ ብሎኬት እየተደረደረ ስለሆነ፣ ውሃ በብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ ቧንቧው ከተጠገነም በኋላ ለቀናት ሊንጠባጠብ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም አንዳንድ ባለሙያዎች ከታች ትንሽ ቀዳዳ በስተው የታቆረውን ውሃ ያወጡታል። ሶሌታ ውስጥ ብረትና የኤሌክትሪክ መስመር ስላለ ይህን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ይተዉት።

ለመድረቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ግንበኞች ለአዲስ ኮንክሪት የሚጠቀሙበት የቆየ ግምት አለ፤ በየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 1 ወር ገደማ ይላል። በአንድ በኩል ብቻ የራሰ አሮጌ ሶሌታ ከዚህ ሊፈጥን ይችላል። ያም ሆኖ ግምቱ አንድ ነገር ያስተምራል። ኮንክሪት የሚደርቀው እንደ ልብስ በሰዓታት አይደለም፤ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው።

ሰውን የሚያስደነግጥ ሌላም ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃው ወደ ጎን ስለሚሠራጭ ነጠብጣቡ ከጥገናው በኋላ ትንሽ ሊሰፋ ይችላል። ሲደርቅ ደግሞ ጠርዙ ሊጠቁር ወይም ነጭ ዱቄት ሊያወጣ ይችላል። ውሃ ሲተን የተሸከመውን ጨውና ዝገት ጥሎ ስለሚሄድ ነው። ወንጂና አዳማ ያደጉ አያቶች ይህን ጠባይ በጥርሳቸው ያውቁታል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የስንቱን ልጅ ጥርስ አበልዟል። ዓይን ንጹሕ ነው ያለው ውሃ ምን እንደያዘ የሚታወቀው ምልክቱን ከተወ በኋላ ነው። ስለዚህ ነጭ ዱቄቱ ብቻውን ቧንቧው አሁንም ያፈስሳል ማለት አይደለም።

በእርሳስ የሚሠራ ምርመራ

ታዲያ እየደረቀ ነው ወይስ እያፈሰሰ? ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

አንደኛ፣ የነጠብጣቡን ጠርዝ በእርሳስ ይክበቡት፤ አጠገቡም ቀኑን ይጻፉ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ይመልከቱና አዲስ መስመር ያስምሩ። በስልክም ፎቶ ያንሡ። እርጥበቱ ከመስመሩ ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነ እየደረቀ ነው፤ ይታገሡ። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ባለበት ከቆመ የአየር ዝውውር ይጎድለዋል። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላም ወደ ውጭ እየሄደ ከሆነ ውሃ አሁንም እየመጣ ነው። ሁልጊዜ የሚለኩት እርጥበቱን እንጂ ቀለሙን አይደለም። በእጅ ጀርባ ሲነኩት የሚቀዘቅዘውና የሚለሰልሰው ቦታ እርጥብ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ቡናማ የቀረው እድፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰፈርዎ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ከሆነ ፈረቃውን ይመዝግቡ። ውሃ በመጣበት ሌሊት ማግስት ኮርኒሱ ከረጠበ፣ ውሃ በጠፋባቸው ቀናት ደግሞ ከደረቀ፣ ችግሩ ያለው ግፊት ባለበት መስመር ላይ ነው። እርጥበቱ ፈረቃን ሳይሆን ሰው ሲታጠብ የሚከተል ከሆነ የፍሳሽ መስመሩን ወይም የመታጠቢያውን ወለል ይጠርጥሩ። ዝናብን የሚከተል ከሆነ ደግሞ ቧንቧውን ትተው ጣሪያውን ይመልከቱ።

ሦስተኛ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ንጹሕ ፕላስቲክ ወስደው በነጠብጣቡ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉ፤ አንድ ቀን ሙሉ ይተዉት። በማግስቱ ጤዛው ከፕላስቲኩ በስተጀርባ፣ በኮርኒሱ በኩል ከሆነ እርጥበቱ የሚመጣው ከሶሌታው ነው። ጤዛው ከፊት በኩል ከሆነ የክፍሉ አየር ራሱ ረጥቧል። ምጣድ፣ የሚፈላ ውሃና በቤት ውስጥ የሚሰጣ ልብስ ለክፍሉ አየር እርጥበት ይሰጣሉ።

ማፍሰሱ ካልቆመ

የእርሳሱ መስመር ውሃው እንዳልቆመ ከነገረዎት ሠራተኛው ከመጠራቱ በፊት እርስዎ ማጣራት የሚችሉት ነገር አለ። በቤቱ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ይዝጉ፤ ወደ ሮቶው የሚገባውንም ይዝጉ። ከዚያ የውሃ ቆጣሪውን ይመልከቱ። ማንም ሳይጠቀም ቆጣሪው ከዞረ በቆጣሪውና በሮቶው መካከል የሚያፈስ ቦታ አለ። ይህ ምርመራ ውሃ በሌለበት ቀን አይሠራም፤ ፈረቃዎ በሆነበት ሰዓት ያድርጉት።

ቆጣሪው ካልዞረም ገና አልጨረሱም። ከሮቶው በኋላ ያለው መስመር በቆጣሪው አይታይም። ማታ የሮቶውን ውሃ ከፍታ ምልክት አድርገው፣ መግቢያውን ዘግተው፣ ማንም ሳይጠቀም ይደሩ። ጠዋት ከቀነሰ የሚያፈሰው ከሮቶው በታች ባለው መስመር ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ የሚቀረው መታጠቢያ ቤቱ ነው። የወለሉን መውረጃ ደፍነው ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ያቁሩና አንድ ቀን ይተዉት። ከታች ያለው ኮርኒስ ከረጠበ ችግሩ ቧንቧው ላይ አይደለም፤ በሴራሚኩ መገጣጠሚያ ወይም ከሥሩ መኖር በነበረበት ውሃ መከላከያ ላይ ነው። ይህን ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው። አለዚያ ደህናውን ቧንቧ ለመፈለግ ግድግዳ ይፈረሳል።

ነፋሱን እናሠራው

አዳማ በነፋሷ የምትታወቅ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ 51 ሜጋ ዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያው ነፋስ ኮርኒስም ያደርቃል፤ መግቢያና መውጫ ከሰጡት።

በበጋ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶችን ወይም መስኮትና በር ይክፈቱ። አንድ መስኮት ብቻ መክፈት አየሩን አያንቀሳቅሰውም። ማራገቢያ ካለዎት ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ነጠብጣቡ ያዙሩት። ቁም ሣጥኑንና አልጋውን ከእርጥቡ ቦታ ያርቁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ግን መስኮቶቹን ይዝጉ ወይም የሽቦ ወንፊት ያድርጉባቸው። ቆላማው ሸለቆ የወባ አገር ነው፤ ለኮርኒስ ተብሎ ልጅ ለትንኝ አይሰጥም።

ሁሉም ከተማ እኩል አያደርቅም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳ የማትሞላው መተሃራ በሙቀቷ ቶሎ ታደርቃለች፤ ከፍ ብላ የምትገኘው ሻሸመኔ ቀዝቀዝ ስለምትል ትዘገያለች። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የውጭው አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ መስኮት መክፈት የሚጠቅመው ፀሐይ በወጣባቸው ሰዓታት ብቻ ነው። በሰኔ የተጠገነ ቧንቧ ኮርኒሱ እስከ ጥቅምት ሊያስጠብቅ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይደረግ፤ ክፍሉ እንዲደርቅ ተብሎ ከሰል አይያዝ። የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጨስ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። የአራስ ክፍል «እንዲሞቅ» በሚባልበት ቤት ይህ ማስጠንቀቂያ በእጥፍ ይጠብቃል።

የልጆችና የአያቶች ሳንባ

እርጥብ ኮርኒስ ለዓይን ከመክፋቱ በላይ ለጤና ጠንቅ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበት ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ሕመምና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ገልጿል። ድርጅቱ ይህን ያህል ሻጋታ ጉዳት የለውም የሚል ቁጥር አላስቀመጠም፤ ምክሩ እርጥበቱንም ሻጋታውንም ማስወገድ ነው። ይበልጥ የሚጎዱት ሕፃናት፣ አረጋውያንና አስም ያለባቸው ሰዎች ናቸው። በቤት ውስጥ ረዥም ሰዓት የሚቆዩትም እነሱ ናቸው።

ሻጋታ ብዙ ጊዜ አይጠብቅም። የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሊበቅልበት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ልጆቹንና አያትን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ነው፤ ቦታ ከጠበበም አልጋውን ከነጠብጣቡ ሥር ማንሣት። የራሰ ፍራሽና ትራስ ፀሐይ ላይ ይውጣ።

ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጥብ ካዩ በደረቁ አይጥረጉት፤ ብናኙ በክፍሉ ይሠራጫል። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ጓንት አድርገው፣ በሳሙናና በውሃ በነከሩት ጨርቅ ይጥረጉትና ጨርቁን ይጣሉት። በረኪና የሚጠቀሙ ከሆነ መስኮት ከፍተው ይሁን፤ ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉት፤ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ደግሞም ሻጋታው ተጠርጎ እርጥበቱ ከቀረ ተመልሶ ይበቅላል።

ልጅ ሌሊት ሌሊት የሚያስለው፣ ሲተነፍስም ሲር ሲር የሚልበት ከሆነ ሐኪም ይየው። እንዲሁም ሁሉንም ሳል በኮርኒሱ አያሳብቡ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በጤና ተቋም መታየት አለበት፤ ሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላልና።

ሁለት አደጋዎች ደግሞ ለነገ አይባሉም። ውሃ በአምፖሉ መያዣ በኩል ከወረደ ማብሪያውን አይንኩ፤ ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማጥፊያ ያቋርጡና ባለሙያ ይጥሩ። ልስኑን ደግሞ በመጥረጊያ እንጨት ቀስ አድርገው ያንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሶሌታው ተላቅቋል፤ በራሱ ጊዜ ሰው ላይ ከሚወድቅ አሁን በለሳኝ ይውረድ።

ኮርኒስ ሁሉ አንድ አይደለም

ከላይ የተነገረው በአብዛኛው ለሶሌታ ነው። በቆርቆሮ ቤት ያለ የቺፕውድ ኮርኒስ ግን አንዴ ካበጠ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ያበጠውን ክፍል ቆርጦ መለወጥ ይሻላል፤ ሲነሣም ከላይ ያለውን እንጨት ለማየትና ለማድረቅ ዕድል ይሰጣል። የጂብሰም ቦርድ ከረገበ ወይም በጣት ሲጫኑት ከገባ ይለወጥ፤ ጠንካራ ሆኖ ከቆሸሸ ብቻ ይድረቅና ይቀባ። በአሮጌ የጭቃ ቤቶች የሚገኘው የጨርቅ ኮርኒስ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። ይውረድ፣ ይታጠብ፣ ፀሐይ ይምታው። ከላዩ ለዓመታት የተጠራቀመው አቧራ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ለሻጋታ ምግብ ስለሆነ እሱም ይጠረግ።

ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እርጥብ ኮርኒስ ላይ የተቀባ ቀለም ይፈነዳል፤ ሥራው በእጥፍ ይመጣል። የፕላስቲኩ ምርመራ ሲደገም ከጀርባው ጤዛ ካልታየ፣ የእርሳሱም መስመር ውስጡ ባዶ ከሆነ፣ ያኔ ይጀምሩ። የላላውን ቀለም ይፋቁ። ነጩን ጨው በደረቅ ብሩሽ ያራግፉት፤ በውሃ ካጠቡት ተመልሶ ወደ ልስኑ ይገባል። ቡናማው እድፍ በውሃ በሚበጠበጥ ቀለም ብቻ አይሸፈንም፤ ሦስት ጊዜም ቢቀቡት ቀስ ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ እድፉ ላይ ብቻ በዘይት የተሠራ የመሠረት ቀለም ይቀቡ፤ ሲደርቅ ኮርኒሱን በሙሉ በተለመደው ቀለም ይጨርሱ።

ከላይ ያለው ጎረቤት

ውሃው ከጎረቤት ቤት የመጣ ከሆነ ከቧንቧው ይልቅ ንግግሩ ይከብዳል። ከላይ ያለው ሰው ችግሩን አያየውም፤ የእሱ ወለል ደረቅ ነው። ስለዚህ ቁጣ ይዘው ከመውጣት ፎቶውንና በእርሳስ የተጻፉትን ቀኖች ይዘው ይውጡ፤ ከተቻለም ጎረቤትዎ ወርደው እንዲያዩት ይጋብዟቸው። ልጆች የሚተኙበትን ክፍል በዓይኑ ያየ ሰው ለመካድ ይቸገራል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ።

ካልተግባባችሁ በኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ኮሚቴ፣ በሌላም ሰፈር በሁለቱም የሚከበር ሽማግሌ ይግባ። ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት የሕንፃውን ባለቤት ኃላፊ ያደርገዋል። ተከራይ ከሆኑም ለአከራይዎ በቃል ብቻ ሳይሆን ቀን ባለበት ጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ። ከቧንቧ ሠራተኛውም ጋር ሒሳብ ከመዝጋት በፊት አንድ ነገር ይስማሙ፤ የተጠገነው ቦታ ከመደፈኑ በፊት ውሃ በሙሉ ግፊት ተለቅቆ ይታይ፤ ሁለት ፈረቃ ሳያልፍም ሴራሚክ አይመለስበት።

ሁሉም ተጠናቅቆ ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። የድሮው ነጠብጣብ የት እንደነበር፣ ቧንቧውም በየት በኩል እንደሚያልፍ በወረቀት ላይ ነድፈው ከቤቱ ሰነዶች ጋር ያኑሩት። የሚቀጥለው ሠራተኛ ሲመጣ፣ ወይም ቤቱን ልጆችዎ ሲረከቡት፣ ግድግዳውን በግምት ከመፍረስ ያ ወረቀት ያድነዋል።